ፍሪጁ ረግቷል ወይ?

ሥራውን የጀመርኩ ዕለት አዲሱ አለቃዬ አቶ ዮናስ ሞተሩን እንኳ ሳያሳዩኝ በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ወሰዱኝ። መኪናው አዲስ አበባ፣ የኪራይ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ታጥቦ ቆሟል። ከውጭ ሲያዩት የዳቦ ማመላለሻ ይመስላል። ውስጡ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና ተጣጣፊ ጠረጴዛ አለው። እኛ ቤት መኪና እንለዋለን። የሚከራዩት አገር ጎብኚዎች ናቸው፤ ሆቴል በሌለበት አድረውበት ይመለሳሉ።

“መንዳቱን ማንም ይነዳዋል፣ ጋሽ ወርቁ። እርስዎን የፈለግኩት ለዚች ነው” አሉና የፍሪጁን በር ኳ ኳ አደረጉ። “ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሾፌሮች ሥጋ አግምተውብኛል፣ ወተት አበላሽተውብኛል። ደንበኛ መንገድ ቢበላሽበት ይስቃል፤ ቢራው ሲሞቅበት ግን አይምረኝም።”

የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው ማዕረግ “ሾፌር መካኒክ” የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን የተቀጠርኩት ለፍሪጅ ሞግዚትነት ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የፈጀሁት ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ስለነበር ሽቦ አያስፈራኝም። ፍሪጅን ግን የማውቀው ከፍቼ ውሃ ለመጠጣት ብቻ ነበር።

ይህኛው እንደ ቤት ፍሪጅ የሚያጉረመርም ሞተር የለውም። ከኋላው ያለው ቱቦ ሲሞቅ ነው ውስጡ የሚቀዘቅዘው። እሳት ብርድ ይወልዳል ብዬ ማታ ለባለቤቴ ብነግራት “በመጀመሪያ ቀንህ መጠጣት ጀመርክ?” አለችኝ። ቱቦውን የሚያሞቀው ከሦስት አንዱ ነው፤ ከተማ ስናድር የመብራት ኃይል፣ ስንነዳ የመኪናው ባትሪ፣ ሜዳ ላይ ስንቆም የጋዝ ሲሊንደር።

ሌላም ጠባይ አለው። መኪናው ዘመም ብሎ ከቆመ አይሠራም። ስለዚህ ከግንበኛ ወዳጄ አንድ አሮጌ ውሃ ልክ ለምኜ ወሰድኩ። በቆምኩበት ሁሉ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አጋድሜ ከጎማ ሥር ድንጋይ ስወሸቅ ያየኝ ሁሉ ቤት የምሠራ ይመስለው ነበር። አዋሽ ላይ ያገኘኝ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር “ጌታው፣ መሠረቱን ስትጨርስ ጣሪያውን እኔ እመታልሃለሁ” ብሎኝ አልፏል።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሠራሁት ቆላ ለቆላ ነው፤ አዋሽ፣ አፋር፣ አርባ ምንጭ። ጠላቴ ሙቀት ነበር። የባትሪው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ በወፍራም ቀየርኩት። ለፍሪጁ ብቻ የሚሆን ባትሪ ለብቻው አሠራሁ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር አስገጠምኩ። ውስጡም ክብ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ። አፋር በረሃ ውስጥ ደንበኞቼ ቀዝቃዛ ቢራ ሲጠጡ ከቢራው ይልቅ እኔ እሰክር ነበር።

አቶ ዮናስ ከቢሮ በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ “ፍሪጁ ረግቷል ወይ?” ይህ የጋራዥ ቋንቋ ነው። ሞተር መዝለሉን ትቶ በአንድ ድምፅ ሲሠራ ረጋ እንላለን። የቮልት መርፌ መዋዠቁን ሲያቆም ረጋ እንላለን። እሳቸውም ቃሉን ከእኔ ለምደው የቴርሞሜትሩ መርፌ በቦታዋ ቆማለች ወይ ማለታቸው ነው። “ረግቷል” ካልኩ ስልኩ ይዘጋል፤ ሁላችንም እንቅልፋችንን እንተኛለን።

አንድ ነገር ደግሞ አውቅ ነበር። ፍሪጁ በጋዝ ወይም በመብራት ሲሠራ ቅዝቃዜው ሲበቃው ራሱን ይቀንሳል። በባትሪ ሲሠራ ግን ይህ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ያቀዘቅዛል። አውቅ ነበር፤ ግን አፋር ላይ እንዲህ ያለ እውቀት ምን ያደርጋል? በቂ ቀዝቅዞ የማያውቅ ነገር ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል ብሎ የሚሠጋ ማን ነው?

ሰናይት የምትባል መምህርት አንድ ቀን ቢሮ መጣችና መኪናውን ለእናቷ መከራየት እንደምትፈልግ ተናገረች። እናቷ ወይዘሮ አስካለ የግሼ ተወላጅ ናቸው። ልጅ ሳሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዚያው ቀሩ። ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ግን እዚያው ግሼ፣ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ መንኩሳለች። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላትወጣ ተስላለች፤ ስለዚህ መሄድ ያለባቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሰናይት ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እህትማማቾቹ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

“አውቶቡስ አይችሉም” አለች ሰናይት። “ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ስኳር አለባቸው፣ ቶሎ ቶሎ ውጭ ይወጣሉ። ኢንሱሊናቸው ደግሞ ፍሪጅ ይፈልጋል።”

አቶ ዮናስ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ደረቴን ነፍቼ “ፍሪጁን ለእኔ ተዉት” አልኩ። ከዚያ በፊት ቢራና ዓሣ ነበር የጠበቅኩት። የሰው ሕይወት አደራ ሲሰጠኝ ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም።

እማማ አስካለ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ታጥፈን የመንዝን ሜዳ ስንይዝ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ገብሱን፣ በጉን፣ የድንጋዩን ካብ እያዩ አንዱንም ሳያልፉ ያወሩታል። በየፌርማታው ውሃ ልኬን ይዤ ስንበረከክ ያዩኛል።

“አንተ ወርቁ፣ ይኸ ሣጥን ምንድን ነው የሚበላው?”

“ጋዝ ይበላል፣ መብራት ይበላል፣ ባትሪ ይበላል እማማ።”

“ኸኔማ ይሻላል። እኔን እንጀራም በልክ ነው ብለውኛል።”

ለእህታቸው ጧፍ፣ እጣንና አንድ ነጭ ጋቢ ይዘዋል። ጋቢውን በየመንደሩ አውጥተው ያራግፉታል። “እሷ ናት ያዘለችኝ፤ በእሷ ጀርባ ነው ያደግሁት” ይሉኛል። ይህን ቢያንስ ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ደጋግመው ነግረውኛል።

ከመሐል ሜዳ ወጥተን ጓሳ ላይ ስንደርስ የኋላ ባሌስትራው፣ መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል፣ ጧ ብሎ ተሰበረ። ቦታው ሣር ብቻ ነው፤ ነፋሱ በር አያስከፍትም። መኪናውን በክሪክ አንስቼ በውሃ ልክ አስተካከልኩት፤ ባሌስትራውን ፈታሁና ወደ መሐል ሜዳ ወስጄ ለማሠራት ተነሣሁ። ከመሄዴ በፊት ፍሪጁን በጋዝ ልለኩሰው ብል ነፋሱ እሳቱን እየነጠቀ አጠፋብኝ። በዚያ ከፍታ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ እሳቱ ድሮም አቅም የለውም። ወደ ባትሪ መለስኩት። ሰናይትን “ስልክ አትሰኩ፣ አምፖል አታብሩ፣ ባትሪው ለመድኃኒቱ ነው” አልኳትና በግ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠላጥዬ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለዚህ ነው።

መሐል ሜዳ ያለው ባለ ጋራዥ ባሌስትራውን አገላብጦ አየና “ይኼ አይበየድም፤ ከሌላ መኪና ቅጠል ፈልጌ እቀይርልሃለሁ፣ ግን ዛሬ አይደርስም” አለኝ። አደርኩ። ሲነጋ ጣቴ መጫሚያዬን ማሰር እስኪያቅተው ድረስ ቅዝቃዜ ነበር፤ በርሜል ውስጥ በረዶ የሆነውን ውሃ ሰዎች በድንጋይ ሲሰብሩት አይቻለሁ። ያኔም ያሰብኩት ስለ ባትሪው ነው፤ አለቀ ይሆን እያልኩ።

ደወልኩ። የሰናይት ስልክ በእኔው ትእዛዝ ሳይሞላ ቀርቶ ተዘግቷል። በእናቷ ስልክ ስደውል እማማ አስካለ አነሡ።

“ሰናይት የለችም፤ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ምንጭ ወርዳለች። ምነው፣ ደህና አደርክ?”

“ደህና ነኝ እማማ። እስቲ ፍሪጁን ከፍተው ይዩልኝ። ረግቷል ወይ?”

ሲከፍቱ ይሰማኛል። ጠርሙስም አነሡ።

“ረግቷል ልጄ። ደኅና አርጎ ረግቷል።”

“መርፌዋስ?”

“እሷም ቀጥ ብላለች። ንቅንቅ አትልም።”

“መድኃኒቱ ደህና ነው?”

“እሱንም ነው የምልህ፤ ረግቷል አልኩህ እኮ። እግዜር ይስጥህ፣ እንዲህ ያለ ሞያ!”

አመስግኜ ዘጋሁ። ሻይም ጠጣሁ።

መንዝ ላይ ረጋ ማለት ምን እንደሆነ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቅቤ ሲጠጥር ረጋ ይባላል፤ ወተት እርጎ ሲሆን ረጋ ይባላል። ለአንዲት የደጋ ባልቴት ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ የገባ ነገር መርጋቱ ሣጥኑ መሥራቱ ነው። እኔ በጋራዥ ቋንቋ ጠየቅኩ፤ እሳቸው በማጀት ቋንቋ መለሱ። ሁለታችንም እውነት ተናገርን። መርፌዋም ያልተነቃነቀችው ከዜሮ በታች፣ የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ተጣብቃ ስለነበር ነው።

ቅጠሉ ተቀይሮ መኪናው ዘንድ ስመለስ ፀሐዩ ሞቆ ነበር። ባትሪው አልቆ ፍሪጁ ጠፍቷል፤ መርፌዋም ተመልሳ ደህናው ቦታዋ ላይ ቆማለች። የኢንሱሊኑ ጠርሙሶች ጥርት ያለ ውሃ መስለው ተደርድረዋል። ባሌስትራውን ገጠምኩ፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጌ በውሃ ልክ አስተካከልኩ፣ ጋዙን ለኮስኩ። እንዲያውም እማማ አስካለ ለሰናይት “ይኸን ሰው መርቂልኝ” አሏት።

ሰናይት እስከዚያ ቀን የምትወጋቸው ቦርሳዋ ውስጥ ከምትይዘው ከተከፈተው ጠርሙስ ነበር። ያ አለቀ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከፍሪጁ አዲሱን አወጣች። በማግሥቱ ዝናብ ጥሎ መንገዱ ስለላቆጠ እስኪጠጥር አንድ መንደር ዋልን። እማማ አስካለ ያን ቀን ዝም አሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ይወጣሉ፣ እንደገና ውሃ ይጠጣሉ። ደስታ ነው፣ ድካም ነው አልን።

ቀጥሎ ባለው ቀን ወደ ግሼ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ስንጀምር አስመለሳቸው። ሰናይት ጣታቸውን ወግታ የስኳር መለኪያውን አየች። ማሽኑ ቁጥር መስጠት ትቶ ከልክ በላይ ነው የሚለውን ምልክት አወጣ።

“በሰዓቱ ነው የወጋኋቸው! አንዱንም አላሳለፍኩም!” አለች። “መድኃኒቱ ምን ሆነ? ጋሽ ወርቁ፣ ሙቀት ነክቶታል?”

“ኧረ እኔ እያለሁ!” አልኩ።

እማማ አስካለ ከተኙበት ቀና አሉ። “ምን ይሆናል መድኃኒቱ? ያን ለት ጧት እንደ ቅቤ ረግቶ፣ ጠርሙሱን ብገለብጠው አልፈስ ብሎ ነበር። ለወርቁም ነግሬዋለሁ።”

ሰናይት ወደ እኔ አየች። እኔ መሪውን አየሁ። “በረዶ የመታው ኢንሱሊን ይጣላል” አለች ቀስ ብላ። “ቢቀልጥም አይሠራም። መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ የነገረኝ ይህንን ነው።”

ያለነው ተራራው ወገብ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ፣ ጽድና ወይራ በከበበው ኮረብታ ላይ፣ የደብሩ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ሰናይት ለአጥቢያው ቄስ ደወለች። ቄሱ፣ አባ ገብረ ሥላሴ፣ እማሆይ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ሆና እየጠበቀች መሆኗን ነገሯት። ስለ ኢንሱሊን ስትጠይቃቸው ግን እዚያ ያለው ጤና ኬላ ብቻ እንደሆነና እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደማይይዝ ተናገሩ። ሆስፒታል ያለው ከኋላችን፣ መሐል ሜዳ ነው። ማዶው ለዓይን ቅርብ ቢሆንም መኪና ወንዙን ዞሮ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

“ወደፊት ንዳ” አሉኝ እማማ አስካለ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። “ኸዚያ ማዶ ናት፤ ይኸው ደብሯ ይታየኛል። እሷን ልይና የፈለገው ይምጣ።”

“ተመለስ ጋሽ ወርቁ” አለች ሰናይት። ታለቅሳለች።

በሥራዬ ዘመን ብዙ አለቆች አዘውኛል። ያን ቀን ሁለት አለቃ ነበረኝ፤ አንዷ እናት፣ አንዷ ልጅ። መሪውን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ጠባቧ መታጠፊያ ላይ ወደፊትና ወደኋላ እያልኩ መኪናውን አዞርኩት። እማማ አስካለ “ምን አደረግሁህ፣ ወርቁ?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አላናገሩኝም።

ተረፉ። ሐኪሞቹ ደህና አድርገው ያዙልን። ሐኪሙ ስለ ፍሪጁ ሰምቶ በጣም ተገረመ። “እዚህ አገር ቀዝቃዛው አየር ራሱ ይበቃዋል እኮ። ለመንገዳችሁ ያህል ቦርሳ ውስጥ፣ ሌሊት ደግሞ በባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት ምንም አይሆንም ነበር” አለን። ቦርሳ ውስጥ የነበረው ጠርሙስ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ሠርቷል። የተበላሸው እኔ የጠበቅኩት ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ እንጂ ወደ ግሼ እንዳይሄዱ አዘዘ። “ለበጋ እንመለሳለን፣ እማማ” አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጋቢውን አቅፈውት ነበር የሄዱት።

በጋ ሳይደርስ፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ሳለ እማሆይ ዐረፈች። ለቀብር ማንም ሊደርስ አልቻለም። ሰናይት ደውላ ስትነግረኝ ያለሁት ግቢ ውስጥ፣ ፍሪጁን እያጸዳሁ ነበር። በሩን ዘግቼ ደጅ ተቀመጥኩ። አቶ ዮናስ መጥተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አጠገቤ ተቀመጡና “ለተዝካሩ መኪናውን ውሰዱት” አሉኝ።

ለአርባዋ መንገዱ ተጠግኖ ነበር፤ ሄድን። ፍሪጁን አዲስ አበባ ላይ አጠፋሁት። ኢንሱሊኑ በሰናይት ቦርሳ ሄደ፤ ሌሊት ባና ውስጥ አደረ። አንድ ነገር እንኳ አልሆንንም። ባሌስትራ አልተሰበረም፣ ዝናብ አልጣለም። መንገዱ እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

እማማ አስካለን ደግፈን ከቅጥሩ በር አደረስናቸው። በስልክ ሰናይትን ያነጋገሯት አባ ገብረ ሥላሴ ወጥተው አሳለሙን። በሩ ላይ ቆመው ከገደሉ ማዶ ያለውን ጠመዝማዛ መንገድ በመስቀላቸው አሳዩን።

“ያን ለት እዚችው ቆማ ነበር” አሉ። “ነጭ መኪና ከዚያች መታጠፊያ ላይ ብቅ ሲል ‘መጣች’ ብላ እልል አለች። መኪናው ዞሮ ሲመለስም አየች። እኛ ‘ምን ሆና ይሆን’ ብለን ተጨነቅን። ከዚያ ወዲያ ግን ሰው በጠየቃት ቁጥር ‘እህቴ መጥታለች፤ አይቻታለሁ’ ነው መልሷ። እንዲህ እንዳለች ነው ያረፈችው። ደስ ይበላችሁ።”

እማማ አስካለ ማዶውን መንገድ ረጅም ጊዜ አዩ። ጋቢውን ለቄሱ ሰጡ።

“እሷስ አይታኛለች አባቴ” አሉ። “እኔ ግን አላየኋትም።”

እኔም ዞር ብዬ መኪናዬ ጋ ሄድኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አቶ ዮናስ አዲስ ሾፌር መካኒክ ሲቀጥሩ እኔ ዘንድ ይልኩታል፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ውሃ ልኩ አስረዳዋለሁ። ስጨርስ የምነግረው ይህንን ነው። መድኃኒት ከያዝክ ደጋ ላይ ፍሪጁን በባትሪ አብርተህ አትራቅ። ስልክ ስትደውል መርፌዋ ስንት ቁጥር ላይ እንደቆመች ጠይቅ። ቁጥሩን ካልነገሩህ አታመስግን፤ ተመልሰህ ሂድና በዓይንህ እይ።